ከጎናችን የነበረችው አስታማሚ

ሆስፒታል አባቴን ሳስታምም፣ ከጎናችን የተኙትን አሮጊት የምታስታምመው ሴት ልጃቸው ነበረች። ጃኬቷን የብየዳ ፍንጣሪ በሳስቶታል፤ ጥፍሮቿ ሥር ቀለም ገብቶ ደርቋል። እናትየው ግን ለጠያቂው ሁሉ፣ «ልጄ ጠበቃ ናት» ይላሉ። እሷም አታስተባብልም። አባቴ ጎረቤቱ የገፋበትን አጥር ጉዳይ አንስቶ ሲያማክራት እንኳ በትዕግሥት ሰምታ፣ «አባባ፣ ቁጭ ብላችሁ ብትነጋገሩ ይሻላል፤ ፍርድ ቤት ያመላልስዎታል» አለችው።

እናቷን እንቅልፍ ሲወስዳቸው ደብተሯን አውጥታ እጃቸውን ትሥላለች፤ ትንፋሻቸውን በስልኳ ትቀዳለች። አንድ ቀን ስመለከታት አየችኝና፣ «ሥዕልም፣ ብየዳም፣ ቪዲዮም ነው ሥራዬ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እማማ አያውቁም እንዴ?»

«በደንብ ታውቃለች እንጂ! የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኔን ልታይ መጥታ ነበር። ከብረት ለሠራኋቸው ሴቶች የእሷን አሮጌ ቀሚሶች አልብሻቸዋለሁ። በሩ ላይ ቆም ብላ አየቻቸውና፣ ‹ሰው ምን ይለኛል?› ብላ ተመለሰች። ጠበቃ የሆንኩት ከዚያ ወዲህ ነው።»

ይህን እያወራችኝ ሳለ ነርሷ ገባች። አሮጊቷ ነቁ፤ ከትራሳቸው ቀና ለማለት እየታገሉ፣ «ልጄን ተዋወቂያት፣ ጠበቃ ናት» ሲሉ ያ የገረጣ ፊታቸው በራ።

«አየሽ፣» አለችኝ ደብተሯን እየዘጋች፣ «ያቺን ጠበቃ ልጇን እንዴት እንደምትወዳት!»