ወደ ውጭ በር የዞረችው ብረት

ልጄ ናቲ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ለእህቱ ልጅ መጫወቻ ሐዲድ ይሠራል። ቀጭን ፌሮ ሲሞርድ የብረቱ ሽታ አባቴን አመጣብኝ።

አባቴ ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ነበር። አርባ ምንጭ መጥቶ እናቴን ካገባ በኋላ፣ ለእኔ ብሎ ግቢያችን ውስጥ ትንሽ ሐዲድ ዘረጋ። ሐዲዱ መሃል ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቤታችን ደጃፍ፣ ሌላው ወደ ውጭ በር ይሄዳል። መክፈያው ላይ ባቡሩን ወዲህና ወዲያ የምታዞር ሹል ብረት አለች።

እናቴ ገና ስታያት ጠረጠረች።

«አንተ የአስቴር አባት፣ ይሄኛው ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ባቡር ሁለት መንገድ ከሌለው አንድ ቀን ይቆማል» አላት እየሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ጓዳ ጠርታኝ «ድሬዳዋ ሌላ ቤት ሳይኖረው አይቀርም። ብረቷ ወዴት እንደዞረች ጠዋት ጠዋት እያየሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ሌላ ቤት ማለት ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ አባቴ እንዳይሄድ ግን ፈራሁ። ብረቷ ወደ ውጭ በር ዞራ ባገኘኋት ቁጥር በአውራ ጣቴ ወደ ቤት እመልሳት ጀመር።

«ማነው የሚነካብኝ?» ይላል አባቴ።

«ነፋስ ይሆናላ» ትላለች እናቴ፣ እኔን ሳታይ።

አባቴ እስኪሞት ከዚያ ቤት አልወጣም። እናቴም መጠርጠሯን አልተወችም።

ናቲ ሰሞኑን ስለ አዲስ አበባ ሥራ በስልክ ያወራል፤ ስጠይቀው ወሬ ይቀይራል። የእሱም ሐዲድ እንደ አባቴው ለሁለት ይከፈላል። ዛሬ ምሳ ሊበላ ሲገባ ጎንበስ ብዬ መክፈያው ላይ ያለችውን ብረት አየሁ። ወደ ውጭ በር ዞራለች።

በልቶ ሲመለስ «እማዬ፣ ማነው የነካብኝ?» አለ።

«ነፋስ ይሆናላ» አልኩት።