አልታጠፍ ያለው ሮቦት

ጎረቤቴ ህልሟን የምትነግረኝ ጠዋት ጠዋት በሰርቪስ ውስጥ ነው። ከሾፌሩ ኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ እሷ በመስኮት በኩል እኔ በመተላለፊያው በኩል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ተቀምጠናል። እኔ ጫማ ፋብሪካው ውስጥ የላይኛውን ቆዳ እሰፋለሁ፤ እሷ ሶል ታጣብቃለች። ማስቲሽ ቀቢ ናት። ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው፤ ለሌሎቻችን ራሷ ማስቲሽ ናት። አትቆጣም። እንዲያውም ስልክ ስታነሳ "ማስቲሽ ነኝ" ትላለች።

"ደግሞ አየሁት" ትለኛለች፣ አንገቷን ወደ እኔ ሰበር አድርጋ።

"ምን ሲያደርግ?"

"ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። ቁመቱ የመብራት ፖሉን ያህላል። ያጠብኩትን አንሶላ ያሰጣልኛል። ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው፣ ግን መቆንጠጫዋን አይሰብራትም።"

"ምን አለሽ?"

"ምንም። ዝም ብሎ ያሰጣል። ሲጨርስ አውሮፕላን ሊሆን ጉልበቱን አጠፍ ሊያደርግ ሲል ነቃሁ።"

ሁልጊዜ እዚያው ላይ ነው የምትነቃው። ህልም እንደ ፈቺው ነው፤ እኔም አፌ ላይ የመጣልኝን እፈታላታለሁ፣ አንድ ቀን ሹመት፣ ሌላ ቀን ጉንፋን። የህልሙን ሥር ግን ሁለታችንም እናውቀው ነበር።

ሮቦቱ የልጇ ነው። ልጇ የአሳንሰር ጥገና ባለሙያ ነው፤ ሠላሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ጎረምሳ። የጃፓን አኒሜ ሲያይ ያደገ ነው፤ ሰው የሚመስል ሮቦት እጁን ወደ ጎኑ ከቶ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ እግሩን አጥፎ አውሮፕላን የሚሆንባቸውን። ሥራ ሲይዝ አሻንጉሊቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። ገሚሶቹ ተሠርተው ያለቁ ናቸው። ገሚሶቹ ደግሞ በሳጥን ውስጥ ተበታትነው የሚመጡ፣ ባለቤቱ ራሱ ቆርጦና ሞርዶ የሚገጣጥማቸው። መደርደሪያው ሞልቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ብርሃን የሚያሳልፉት ክንፎቻቸው ግድግዳው ላይ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀለም ይጥላሉ። ስኳር ልበደር ሄጄ እዚያ በር ላይ የመጣሁበትን ረስቼ የቆምኩበት ቀን አለ።

ከሁለት ዓመት በፊት ልጁ የሥራ ባልደረቦቹን ሻይ ሊጋብዝ ቤት ይዟቸው መጣ። ያን ቀን ማስቲሽን ጨዋታ አምሯታል። ሻዩን እየቀዳች፣ "እኔ የልጅ ልጅ እጠብቃለሁ፤ እሱ ገና የራሱን አሻንጉሊት ተጫውቶ አልጠገበም" አለቻቸው። ሳቁ። እኔም ነበርኩ፤ ስቄአለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስሙ "ቤቢ" ሆነ። አሳንሰር በቆመ ቁጥር "ቤቢን ጥሩት" ይባል ጀመር። እናቱ ቅጽል ስም እንደ ሻርፕ ጣል ታደርገዋለች፤ እሱ ግን ያንን አልወረሰም። ሦስት ወር ቻለና የአራት ሰዓት መንገድ ወደሚርቅ ቅርንጫፍ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። እሑድ እሑድ ይደውላል። "ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ" ይልና ይዘጋል።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ጅምር ሮቦት ትቶ ነበር። ደረቱና ጭንቅላቱ ተገጥሟል፤ እጅና እግሩ ገና የፕላስቲክ ፍሬሙ ላይ ነው፣ ካርቶን ላይ እንደተሰፋ ቁልፍ። ማስቲሽ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አቧራውን በብሩሽ ከማራገፍ በቀር አልነካችውም።

አንድ እሑድ ልጁ ከ"ደህና ነኝ" ቀጥሎ ጥቂት ቃል ጨመረ። ሰፋ ያለ ቤት አግኝቷል። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ መኪና ይዞ መጥቶ ሮቦቶቹን በሙሉ ይወስዳል። "ክፍሉን አከራዪው" አላት።

ያን ዕለት መጥታ በሬ ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላትም አልገባችም።

"እኔን ብሎ አይመጣም" አለች። "የሚመጣው እነሱን ብሎ ነበር። እነሱ ከሄዱ በኋላ ምን ብሎ ይመጣል?"

"ይቅርታ ጠይቂውና ይውጣልሽ" አልኳት።

"ስንቴ ሞከርኩ። አፌ ላይ ሲደርስ ስለ ውኃ መጥፋት አወራለሁ።"

ህልሙ የጀመራት በዚያ ሳምንት ነው። ወዲያውም ጅምሩን እጨርሳለሁ ብላ ተነሳች። ሲመጣ ቆሞ ያገኘዋል፤ እንዳልናቀችበት በዚያ ይገባዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ማስቲሽን ያላየ ነው ያን ያለው። ቅዳሜ ከግማሽ ቀን ሥራ ስንመለስ ገላዋን ትታጠብ፣ መነጽሯን ታጠልቅና የልጇ ክፍል ትገባለች። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ ለወሬ ነበር የምሄደው፣ ወሬው ግን እዚያ ክፍል ሲገባ ይጠፋብኛል። በትንሿ መቁረጫ አንዱን ክፍል ከፍሬሙ ትለያለች፣ የተቆረጠበትን በሞረድ ታለሳልሳለች፣ በወረንጦ ይዛ ወደ ብርሃኑ ታነሳዋለች። ሰማያዊው ቀለም ከግድግዳው ወርዶ ክንዷ ላይ ይሄዳል። ውጭ ሰው ሲጣራ ከሩቅ አገር የሚጣራ ይመስለኝ ነበር። ክንዱን ትከሻው ላይ ስትገጥም ለራሷ "እጅህን አምጣ፣ በል እጅህን አምጣ" ስትል ሰማኋት። ልጇን ሹራብ ስታለብሰው እንደዚያ ነበር የምትለው።

አንድ በአንድ ነው የምትሠራው። የነገውን ገጽ ዛሬ አትገልጥም፤ ከፋብሪካው የመጣ ልማድ ነው። መመሪያው የማናውቀው ፊደል ቢሆንም ሥዕሉ ግልጽ ነው። በትከሻው፣ በክርኑ፣ በወገቡና በጉልበቱ ሥዕል አጠገብ ትንሽ የሙጫ ቱቦ ተስላለች፤ በላይዋ ላይ ኤክስ ተደርጎባታል። ሙያችን ጉድ የሠራን እዚህ ላይ ነው። እኛ ፋብሪካ ቆዳ ቆራጩ በጠመኔ ኤክስ ሲያደርግ "እዚህ ጋ ማስቲሽ ይቀባ" ማለቱ ነው። ኤክሱን ሳትቀባ ያለፈች ሴት ጫማው አፉን ከፍቶ ተመልሶ ይመጣባታል።

መመሪያውን ወደ እኔ አዞረችው። "ኤክስ ነው አይደል?"

"ኤክስ ነው" አልኩ። "ያውም ከነቱቦው። ከዚህ በላይ ምን ይበሉሽ?"

የሁለታችን ልምድ ሲደመር አርባ አንድ ዓመት ነው። ግራ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ከተጣበቀ ግን እንዴት ይታጠፋል?"

"ጫማስ ተጣብቆ አይደል የሚታጠፈው?" አለችኝ።

ማስቲሹን ስስ አድርጋ ቀባች፣ በጣት ሲነኩት እስከማይዝ ጠበቀች፣ ገጠመችና ጫነችው። በሦስተኛው ቅዳሜ ሮቦቱ ጠረጴዛው ላይ ቆመ፤ ነጭ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ክንፉ ሰማያዊ። ደስ አለኝ፤ ለራሴ ልጅ የተሠራ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ የመጨረሻዎቹን ገጾች ገለጠች። በቀስት ያሳያሉ፤ ጉልበቱ እንዲህ፣ ወገቡ እንዲህ፣ ከዚያ አውሮፕላን። ጉልበቱን ሞከረች፣ አልነቃነቅ አለ። ትከሻውን፣ አልነቃነቅ አለ። ወገቡን እንኳ ለመሞከር ፈራች።

ፋብሪካው ውስጥ የተሳሳተ ሶል በማሞቂያ ነው የምናላቅቀው። ፍሬሙ ላይ የቀረ ቁራጭ ወሰድንና በፀጉር ማድረቂያዬ ሞከርነው። ተኮማትሮ ጭራ አከለ። ማስቲሽ ማድረቂያውን ከእጄ ወስዳ አጠፋችው።

"ሁለተኛ ጊዜ አበላሸሁበት" አለች። ኤክስ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያንን ግን አልጠቀሰችብኝም።

ቅዳሜው ደረሰ። ልጁ ፒክአፕ ተውሶ፣ ራሱ የሠራውን ትልቅ የእንጨት ሳጥን ይዞ መጣ። ሳጥኑ በውስጡ ተከፋፍሏል፣ እያንዳንዱ ክፍል ስፖንጅ ተለብጦበታል። እኔንም ሰላም አለኝ፣ እናቱንም ጉንጯን ሳመ፣ ግን እንደ እንግዳ ነው። ሮቦት ቆሞ መንገድ አይሄድም አለን፤ እጁ ይሰበራል፣ ስለዚህ አጥፎ አውሮፕላን አድርጎ ነው የሚያስገባቸው። ተቀመጠና ጀመረ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ። አንዱ በገባ ቁጥር ግድግዳው ላይ አንድ ቀለም ይጠፋል። እናቱ የሻይ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች፤ ሻዩ ቀዝቅዟል። ህልም የሚያይ ሰው ሊጮህ ፈልጎ ድምፁ የሚጠፋበትን ነገር ፊቷ ላይ አየሁ።

በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየ።

"ይሄን ማን ጨረሰው?"

"እናትህ ናት" አልኩ እኔ።

አነሳው። ወደ መስኮቱ አዞረው፣ መጋጠሚያውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። "መስመሩ እንኳ አይታይም" አለ በቀስታ። ከዚያ ጉልበቱን ሊያጥፍ ሞከረ። ትከሻውን ሞከረ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

"ማስቲሽ ነው?"

"ኤክስ ነበረበት" አለች እናቱ።

መመሪያውን አየ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየ። "እማ፣ ኤክስ አትቀቢ ማለት እኮ ነው።"

"ጥፋቱ የኔ ነው" ብዬ ልገባ ስል ማስቲሽ ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

"በሰው ፊት ያልኩህን" አለች። "ቤቢ ያስባልኩህ እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልነግርህ ስል ስለ ውኃ አወራለሁ። ይቅር በለኝ ልጄ።"

ልጁ ባዶ ወደቀረችው የሳጥኑ ክፍል ጎንበስ አለ። ለካ ለጅምሩም ለክቶ ሠርቶለታል። በቁመቱ አስገባው፣ ጭንቅላቱ ወጣ። አጋደመው፣ እግሩ ወጣ። ክዳኑን አስጠጋ፣ አልገጠመም። ሦስት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ ሮቦቱን ይዞ አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

"አይገባም" አለ።

"ስፖንጁን ብትቀንሰውስ?" አልኩ፤ አንዳንዴ ምላሴን መቁረጥ ነበር።

"አይገባም እትዬ። ካልታጠፈ አይገባም።" ሮቦቱን ወደ ጠረጴዛው መለሰው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ። "መጋጠሚያው ውስጥ ለስላሳ ፕላስቲክ አለ፤ እሱን ማስቲሽ አጥብቆ አይዘውም። በስለት ቀስ እያሉ ማላቀቅ ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት መጥቼ ትከሻውን እሞክራለሁ።" ሳጥኑን እየዘጋ ጨመረ፤ "ክፍሉን ገና አታከራዪው።"

ሰኞ ጠዋት በሰርቪስ ውስጥ እኔው ቀደምኳት። "በህልምሽ በረረ?"

"አልበረረም። ጉልበቱን አጠፈና ደጃፌ ላይ ተቀመጠ። ሻይ አለሽ አለኝ።"

በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። መጀመሪያ ትከሻው ተላቀቀ፣ ወር ቆይቶ ክርኑ፣ ከዚያ ወገቡ። እሱ በስለት ሲፍቅ እሷ አጠገቡ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ሁለቱም ብዙ አያወሩም፣ እንደ ቀድሞው ግን ያላግጡብኛል፣ "ከዚህ በላይ ምን ይበሉሽ" እያሉ። የቀረው ጉልበቱ ብቻ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጉልበቱም ትንሽ ነቅነቅ አለ፤ ልጁ "በሚቀጥለው ያልቃል" ብሎ ሄደ። ማስቲሽ ሁለቱንም ሳምንት በሰርቪስ ውስጥ ህልም አልነገረችኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ከሥራ በኋላ ስኳር ልበደር ገባሁ። ቤቱ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። የልጁ ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ ሮቦቱ መስኮቱ ሥር ቆሟል፣ አጠገቡ ቀጭን ብሩሽ። እንኳን ይህንን የዝንብ ጠንጋራ አውቃለሁ። ሙያ በልብ ነው ብዬ ስኳሬን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ልጁ መጣና የሮቦቱን ክንድ ሊያነሳ ሞከረ። አልነሳ አለ። እኔ ወደ ጣራው አየሁ። እናቱ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን ትፈልጋለች፣ ክዳኑ እጇ ላይ ነው። ልጁ የማስቲሽ ሽታ ላይ ያደገ ነው፤ ከኔ አፍንጫ የሱ ይበልጣል።

"ትከሻው ደግሞ ያዘ" አለ።

"እርጥበት ይሆናላ" አለች።

ትከሻውን ወደ አፍንጫው አስጠጋና እናቱን አያት።

"እርጥበት ይሆናል" አለና ወንበሩን ወደ መስኮቱ ስቦ፣ ስለቱን አውጥቶ ከትከሻው ጀመረ።