የማይቀንስ ዙር

ከአዳማ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጀማል እያሳለ እስከ መናኸሪያው ሸኘኝ። የሻሸመኔው ሚኒባስ ወያላ «አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ገብቼ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ሲገባ አንዱ ይወርዳል። የሚወርዱት መኪናው የሞላ እንዲመስል የተቀመጡ የወያላው ጓደኞች ናቸው። እኔ ሞኙ አልገባኝም።

ጀማል በመስኮቱ ሳቀብኝ። «ጩኸቱን ተውና ባዶ ወንበር ቁጠር። በየዙሩ የሚቀንስ ነገር ከሌለ አያልቅም።»

ነገሩን ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያየው። ጓዳችን ውስጥ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ፣ የሌላ ሰው ፕሮግራም የሚያነብ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ሥራው ሉፕ የሚሉትን፣ ኮምፒውተሩ እየደጋገመ የሚሄድበትን ዙር፣ ሳያስጀምር በማንበብ ብቻ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ መገመት ነው። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ሊቅ አፌዝበት ነበር። አስጀምረውና ሰዓትህን እይ እለዋለሁ። የማያልቅ ከሆነስ፣ ቁጭ ብለህ ልታረጅ ነው? ይለኛል።

ባቱን፣ አርሲ ነገሌን አልፌ፣ በሞያሌ ተሻግሬ ናይሮቢ ገባሁ። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ቅቤና በርበሬ የተነፈገ ገንፎ ነው፤ ደግሞ ይኮሩበታል። አከራዬን ውሃ መቼ ይመጣል ስለው «ኬሾ» ይላል፣ ነገ ማለቱ ነው። በማግስቱም ኬሾ ነው።

የስደተኞች ቢሮ ሰውዬ ደግሞ በየማክሰኞው ፋይልህ በሂደት ላይ ነው ይለኛል።

«ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ ምን ተለወጠ?» አልኩት።

«ቀኑ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ቤት ስደውል እናቴ «ጀማል ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው፣ ስልኩ ተበላሽቶ ነው» ትላለች። በሚቀጥለው ሳምንትም ያንኑ፣ ቃል በቃል። ኮራብኝ ብዬ ተናደድኩ። «መልስህ መቼ እንደሚመጣ ፕሮግራምህ ይገምትልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። መልእክቱ አልደረሰውም።

አንድ ማክሰኞ ቢሮው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የእናቴን መልሶች አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ስልክ እንኳ ይጠገናል። እዚያው ሆኜ ደወልኩ።

«እማ፣ ጀማል ትናንት ምን በላ?»

«ሥራ ላይ ነው።»

«እማ፣ መልስሽ የሚቀንስ ነገር የለውም እኮ።»

ስልኩን አጎቴ ሁሴን ተቀበላት። በሄድኩ በወሩ ጀማልን ሳንባው እንደገደለው ነገረኝ። «መርዶ ለብቻ አይሰማም ብለን ነው ልጄ። ሰው ሰብስቦ የሚያረዳህ ናይሮቢ ውስጥ ስንፈልግ ነበር፤ አጣን። ሰብር አድርግ።»

ጥሩ ወግ ነው። አጽናኝ ሰው እንዳላጣ ብለው የሞተ ሰው እንድሰድብ ሲያደርጉኝ ከረሙ። እኔም የእሱን ሳል እየሰማሁ ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጥኩ ነኝ።

እናቴ ስልኩን መልሳ ወሰደች። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ እኔም። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ። በመጨረሻ «አንተስ? ወረቀትህ መቼ አልቆ ትመጣለህ? እሱን እንኳ ንገረኝ» አለችኝ።

የሰውዬውን መስኮት አየሁ። ሰልፉ አልተነቃነቀም።

«በሂደት ላይ ነው እማ» አልኳት። ባለፈው ሳምንትም ያልኳት ይህንኑ ነው።