ከችሎት እስከ ደጃፍ

ለሥልጠናው ስጠራ ተናድጄ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ዳኛ ሆኜ፣ ጸጉሬ እዚያው ወንበር ላይ ሸብቶ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳይ እንዴት እንደሚያዝ ልማር ተብሎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ይባስ ብሎ አሠልጣኟ እኔ ችሎት ውስጥ ጸሐፊ ሆና ሥራ የጀመረች ልጅ ናት። ያኔ ትእዛዝ እየነገርሁ አስጽፋት፣ ቃል ስትዘልል እቆጣት ነበር። ጠዋት በር ላይ ጎንበስ ብላ ሰላም ስትለኝ «እንግዲህ ዛሬ ደግሞ አንቺ ልትቆጪኝ ነው» አልኋት። ሳቀች፤ ወንበርም ራሷ ሳበችልኝ።

አዳራሹ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ውስጥ ነበር። እኔ የኋላውን ወንበር መርጬ፣ በመስኮቱ ጣናን እያየሁ፣ ቀኑ እስኪመሽ ለመታገሥ ወሰንሁ። የሚያስተምሩኝ ነገር አለ ብዬ አላመንሁም። አባቴ ከሐይቁ አድባራት በአንዱ መሪጌታ ነበሩ፤ የአገሩ ጠብ ሁሉ የሚበርደው እኛ ደጃፍ ላይ ነበር። «እርቅ ደም ያደርቅ» ይሉ ነበር። ያንን ቃል ይዤ ነው የቤተሰብ ችሎት ዳኛ የሆንሁት። ፍቺ ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ ቢሮዬ አስገብቼ፣ ወንበር ሰጥቼ፣ መክሬ እመልሳለሁ። ጠበቆች «አስታራቂው» ሲሉኝ እሰማለሁ፤ አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ ልጅቷ አንድ ነገር አዘዘችን። «እያንዳንዳችሁ በደንብ ጨረስሁት የምትሉትን አንድ መዝገብ አስቡ። ውሳኔውን አይደለም የምትነግሩን። ባለጉዳዮቹ ከችሎት ወጥተው ደጃፋቸው እስኪደርሱ ያለውን መንገድ ንገሩን።» ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከሐይቁ ማዶ፣ ከዘጌ የመጡ ባልና ሚስት አነሣሁ። ሐምሌ ነው፤ ፍርድ ቤት ለክረምት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ሚስቲቱ ይመታኛል ብላ ፍቺ ጠየቀች። ከንፈሯ ላይ የዳነ ቁስል ነበር። ባልየው ንጹሕ ጋቢ ለብሶ ያለቅሳል። ቢሮዬ አስገብቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸውና «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» ብዬ ጀመርሁ። ሳልጨርስ ባልየው ተነሥቶ ተንበርክኮ ጉልበቷን ሳመ። «ትታረቂዋለሽ?» አልኋት። ወደ እሱ አየችና «እሽ» አለች። ለማንኛውም ብዬ ለጥቅምት ቀጠሮ ሰጠሁ። ጥቅምት ላይ መዝገቡ ሲጠራ አልቀረበችም፤ ዘጋሁት። «ታርቀው ቀሩ» ብዬ ለአዳራሹ ነገርሁ። ለመቀመጥ ጎንበስ አልሁ።

«ጋሼ፣ ባልና ሚስቱ ከቢሮዎ ሲወጡ ስንት ሰዓት ነበር?» አለችኝ ልጅቷ።

«ስምንት ሰዓት ገደማ።»

«በምን ሄዱ?»

«በጀልባ ነዋ። በክረምት የዘጌ መንገድ ጭቃ መሆኑን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«ስንት ጀልባ አለ?»

«ከሰዓት የምትሄደው አንዲት ናት።»

«እንግዲያ አብረው ነው የሄዱት።»

«ታርቀው የለም እንዴ!» አልሁ። ድምፄ ከፍ ማለቱ ለራሴም ተሰማኝ።

«አዎ፣ ጋሼ። ጀልባዋ ላይ የት ተቀመጠች?»

አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ከቢሮዬ በር ወዲያ ያለውን መንገድ አስቤው አላውቅም ነበር። ልጅቷ ልትከራከረኝ ነው ብዬ መልስ ሳሰናዳ፣ እሷ ቀስ ብላ «አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» አለችና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። ብትሟገተኝ እወድ ነበር። ምሳ ቀረበ፤ አልበላሁም።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ለባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ነው ብዬ ዋሽቼ ወደቡ ወረድሁና የዘጌዋን ጀልባ ተሳፈርሁ። ባለጀልባው የእኔ እኩያ ነው፤ በዚያ መስመር ሲመላለስ ነው ያረጀው። ከሞተሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ ከፍርድ ቤት መሆኔን ብቻ ነግሬ ስለ ሴትዮዋ ጠየቅሁት። ያስታረቅኋቸው ዳኛ እኔ መሆኔን አልነገርሁትም።

«ዳኛው ያስታረቃትን ነው የሚሉኝ?» አለ። «አሁን እርስዎ ያሉበት ላይ ነበር የተቀመጠች። ባሏ ግን ከፊት ሆኖ ታረቅነ ብሎ ለሰው አወራ። እልል አሉ። ምነው እዚያ ተወሽቀሽ፣ ከባልሽ ጎን ተቀመጭ እንጅ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ተነሥታ ሄደች።»

«አንተስ ምን አልህ?»

«ምን እላለሁ? ደስ ብሎኝ ነበር።»

ከዚያ ሳልጠይቀው ቀጠለ። «በጥቅምት ለቀጠሮዋ ብቻዋን መጣች። ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላ። ነፋስ ይዞን አርፍደን ገባነ። ከሰዓት ስትመለስ ምነው ብላት፣ መዝገቡ ተዘግቷል አሉኝ አለች። በዚችው ጀልባ መለስኋት።»

ያንን ነፋስ አስታወስሁት። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት በትኖብኝ መስኮቱን ተነሥቼ ዘግቻለሁ። ከዚያ ሦስት ሰዓት ላይ ስሟ ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ መልስ የለም፤ ፈረምሁ። እሷ በዚያች ሰዓት ውኃው መሀል ነበረች።

«ሦስተኛ ጊዜ የወሰድኋት ባሏ ደብድቧት፣ ተኝታ ነው» አለ ባለጀልባው። «ከሆስፒታሉ በነፍሷ አልተመለሰችም። እሱም ታስሯል።»

የወንጀሉ ጉዳይ ሌላ ፍርድ ቤት ነው የታየው፤ እኔ ጋ አልደረሰም። እኔ ጋ ያለው መዝገብ ታርቀው ቀሩ ብዬ የተደሰትሁበት ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት እኔን ነው። ፊቴን ወደ ውኃው አዙሬ አለቀስሁ፤ ባለጀልባውም ሰው አይቶ ለማያውቀው ሰው እንዲህ አያለቅስም ብሎ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። ዘጌ ስንደርስ ግን የእናቷ ቤት የት እንደሆነ ስጠይቀው፣ በቡናው መሀል የሚወጣውን የእግር መንገድ በእጁ አሳየኝ።

እናቲቱ ደጃፋቸው ላይ የተሰጣ ቡና ይለቅማሉ። ከፍርድ ቤት ነኝ ስላቸው ተነሥተው የእንጨት ዱካ አወጡልኝና «አረፍ ይበሉ» አሉኝ። ስለ ልጃቸው ልጠይቅ መምጣቴን ተናገርሁ። ጉዳዩ የት ደረሰ፣ ምን ሊሰጡን ነው አላሉኝም። ተመልሰው ተቀምጠው ቡናቸውን መልቀም ቀጠሉ።

«አንድ ዳኛ አሉ ትለኝ ነበር» አሉ። «እንደ ሰው ቆጥረው ወንበር ሰጡኝ ትል ነበር። እሱ አጠገቤ ባይቀመጥ ሁሉን እነግራቸው ነበር፤ እሱ እየሰማ ተናግሬ ወዴት ልገባ ኑሯል አለችኝ። በጥቅምት የሄደች ብቻዋን ሆና ልትነግራቸው ነበር።» ቀና ብለው አዩኝ። «ምናልባት ያውቋቸው እንደሆን?»

አላውቃቸውም ብዬ ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር። አስቤውም ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ» አልኋቸው።

እጃቸው ቡናው ላይ ቆመ። ዶሮ መጥታ ስጡ ላይ ወጣች፤ አላባረሯትም። ይርገሙኝ ብዬ ጠበቅሁ። ቢረግሙኝ፣ ከደጄ ውጣ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱን ተቀብዬ፣ ተሸክሜ እሄድ ነበር። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ልስም አሰብሁና ባልየው ቢሮዬ ውስጥ ያደረገው ትዝ ብሎኝ ከተቀመጥሁበት ሳልነሣ ቀረሁ። ይቅር በሉኝ ለማለት እንኳ አፌን አላመንሁትም። ይቅር በዪው ማለት ምን ያህል ቀላል እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ።

ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው በዛፎቹ መሀል ሐይቁን ተመለከቱ። ውኃው መነቃነቅ ጀምሯል።

«በምን ይመለሳሉ?» አሉኝ።

ወደ መጣሁበት የእግር መንገድ ዞሬ አየሁ።

«ነፋስ ሳይነሣ ይሂዱ። ጀልባዋ አንዲት ናት» አሉና ነጠላቸውን ከአጥሩ ላይ አንሥተው፣ ከፊት ከፊቴ እየሄዱ እስከ ወደቡ ሸኙኝ።