መላመድ የተባለው ጥፋቴ

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ።

ጭሮ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ ደብዳቤ መዝጋቢ ነኝ። እንግሊዝኛ ይሞካክራል ተብዬ የከተማዋን የአየር ንብረት ለውጥ ዕቅድ በአማርኛ እንድጽፍ ታዘዝኩ። የኦሮምኛው ለሌላ ሰው ደርሶ ነበር፤ የእኔው የተፈለገው ከአዲስ አበባ ለሚመጡት ባለሙያ ነው። ዕቅዱ ከሌላ አገር የተቀዳ ስለነበር ስለ ባሕር ከፍታ መጨመር አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው። አለቃዬን "ይህንስ ልተወው?" ብላቸው "ገጹ ይቀንሳል" አሉኝ። ስለዚህ ባሕሩ ተራራ ወጥቶ ጭሮ ገባ።

"ጭስን ለመቀነስ የጫት መኪኖች ቀስ ብለው እንዲነዱ ይደረጋል" የሚል ዓረፍተ ነገርም በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። ሂርና ላይ መንገድ ዳር ቆሞ የጫት መኪና ሲያልፍ ያየ ሰው ይህን ቢያነብ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ግን ምንም አይደል፤ ጣጣው የመጣው በአንድ ቃል ነው። የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ ሰው ቤቱንም፣ ቦዩንም፣ እርሻውንም እንደ ለውጡ ያስተካክል ለማለት ሁለት ቀን ቃል ፈልጌ "መላመድ" አልኩት። ደስ አለኝ። በሬ ቀንበር ይለምዳል፣ ሙሽራ ከአማቷ ጋር ትላመዳለች፤ ሁለቱም ጋ ቻዩ አንድ ወገን ብቻ መሆኑ ያኔ አልታየኝም።

ከቤቴ ቁልቁል፣ ቦዩ አፋፍ ላይ፣ ሽንኩርትና ስኳር የሚቸረችሩ አንዲት አሮጊት አሉ። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በደጃቸው ባለች ቱቦ ያልፋል፤ ያልፋል ስል ማለፍ ነበረበት ማለቴ ነው። በርጫ ላይ ተቅሞ የተረፈው የጫት ቅጠል፣ ገራባው፣ ከነፌስታሉ ማረፊያው እዚያ ነው። ዝናብ ሳይገባ ቱቦዋ ካልተጠረገች የጓዳቸው ግድግዳ ዘንድሮን እንደማይሻገር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። "ዕቅዱ ውስጥ አስገባልዎታለሁ" ብዬ ቃል ገባሁላቸው። አስገባሁም፤ ያውም በቅድሚያ ከሚሠሩት መካከል።

የስብሰባው ቀን ከመሰላና ከቦርደዴ ሳይቀር እንግዳ ተጠራ፤ አረንጓዴ ኮፍያ ታደለ። ባለሙያው መጀመሪያ ቀይ ሪባን በታሰረበት አዲስ አካፋ ችግኝ ተክለው ፎቶ ተነሡ። አካፋው ተወልውሎ ወደ እኔ ቢሮ ተመለሰ። ከዚያ አዳራሽ ገብተው፣ የእኔን ወረቀት እያዩ፣ ነዋሪውን "ከጎርፉ ጋር ምን ያህል ተላምዳችኋል?" ብለው ጠየቁ።

አሮጊቷ ተነሡ።

"ወላሂ በደንብ ተላምደናል፣ ኢልማ ኮ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ድምፁን ከሩቅ እንለያለን። ሲመጣ ማሽላውን አልጋ ላይ እናወጣለን፣ እኛ ጠረጴዛ ላይ እንወጣለን። እሱም አያፍርም፣ ሳያንኳኳ ይገባል። ቤተሰብ ሆኗል፤ ምሳ ብቻ ነው ያልጠየቀን።"

አዳራሹ ሳቀ። ባለሙያው አልሳቁም፤ ጻፉ።

ዕቅዱ ጸድቆ ሲመለስ ቱቦዋን ፈለግኳት። ከዝርዝሩ ወጥታለች። በቦታዋ "የአካባቢው ነዋሪ ሙሉ በሙሉ መላመዱን በራሱ አንደበት አረጋግጧል" ይላል። አለቃዬ ጋ ሄጄ "ሴትዮዋ እኮ እያሾፉ ነው የተናገሩት" አልኳቸው። "ቃለ ጉባኤ ሹፈት አይመዘግብም" አሉኝ። አፈርኩ፤ ግን እንጀራዬን አሰብኩና ዝም አልኩ። ለአሮጊቷም አልነገርኳቸውም፤ በደጃቸው ማለፍ ትቼ በላይኛው መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

ዝናቡ መጣ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የጓዳቸው ግድግዳ ተደረመሰ፤ ማሽላው ከነአልጋው ሄደ። እሳቸው ሱቅ ውስጥ ስለነበሩ ተረፉ። በማግስቱ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው።

እሳቸው ኮሚቴውን አልጠበቁም፤ ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበር።

"ቃሉን ያመጣኸው አንተ ነህ አሉ።"

"አዎ፣ እማማ።"

"ሰርዝልኝ።"

"ማህተም ተመቶበታል" አልኩ። ይህን ያለውን አፌን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

"እሺ" አሉ። "ጎርፉንማ አልለመድነውም። የለመድነው እናንተን ነው።" አልተቆጡም፤ የስኳር ዋጋ እንደሚነግሩ ሆነው ነው የተናገሩት። "አካፋ አለህ?"

በመሥሪያ ቤቱ የነበረው አካፋ አንድ ብቻ ነው። ከመዝገብ ሣጥኑ ጀርባ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሪባኑን ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ፣ ዕቅዱ ላይ አስቀመጡና አካፋውን ይዘው ወደ ቱቦዋ ወረዱ።