ያልሰማሁት ኑዛዜ

ደብረ ብርሃን ባለው የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ አንዲት ካቶሊክ አሮጊት እየሞቱ እንደሆነ የነገረችኝ የድንኳን ጎረቤታቸው ናት። እሷ ሙስሊም ናት፤ ሁለቱም ከወለጋ፣ ከአንድ ቀበሌ የተፈናቀሉ።

"መምህር፣ እማማ ቄሳቸውን ይፈልጋሉ። የሳቸውን ሃይማኖት የሚያውቅ አንተ ነህ ሲሉ ሰምቼ ነው" አለችኝ።

በወጣትነቴ ካቶሊክ ሆኜ፣ ካህን ልሆን ነገረ መለኮት ተምሬ፣ ሳልሾም ትምህርቱን ትቼ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ አሁን በከተማው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ በሌሎች እምነቶች ውስጥ ስላሉ ሰዎች ድኅነት ነበር።

እማማን ሐኪሞቹ "ቤታቸው ይረፉ" ብለው መልሰዋቸዋል። ቤታቸው ግን ሸራ ነው። "ልጄ፣ ሳልናዘዝ፣ ሳልቆርብ አልሂድ" አሉኝ።

በወር አንዴ ከአዲስ አበባ ለሚመጡት ካህናችን ደወልኩ። የአዲስ አበባው መንገድ በተኩስ ከተዘጋ ሳምንት አልፎታል። ያኔ የተማርኩት ትዝ አለኝ፤ የእኛ ሕግ፣ ካህኑን ያጣ ካቶሊክ በሞት አፋፍ ላይ ከኦርቶዶክስ ካህን ቢናዘዝና ቢቆርብ ይፈቅዳል። እኔ ደፍሬ የምለምናቸው አንድ ኦርቶዶክስ ካህን ብቻ ነበሩ፤ ጎረቤላ አጠገብ የሚያገለግሉት አጎቴ። አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ካቶሊክ ከሆንኩ ወዲህ ግን ተነጋግረን አናውቅም።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። አጎቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲወጡ አዩኝና ሮጠው አቀፉኝ።

"መጣህ? እንደምትመለስ አውቅ ነበር!"

እጄን ይዘው ወደ ቤት ሊያስገቡኝ ሲሉ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። እጄን ለቀቁት።

"ለራስህ የመጣህ መስሎኝ ነበር።"

"አጎቴ፣ ሴትየዋ እየሞቱ ነው። የእኛ ሕግ ይፈቅዳል።"

"የእናንተ ሕግ የእኔን መንበር እንዴት ይከፍታል? ሥጋ ወደሙ ከጓዳዬ አንስቼ የማድለው ቆሎ መሰለህ? ትጠመቅ፤ ከዚያ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ።"

"ተጠምቀዋል እኮ።"

"በእናንተ ነዋ።"

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ሲያነሱኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ጨክኜ መሰለህ? ያላመነችበትን ባቀብላት እሷንም አታልላለሁ፣ እኔም እጠፋለሁ" አሉ። የማውቀውን ሁሉ ደረደርኩላቸው። አንዱም አላሳመናቸውም።

መጠለያው ስደርስ ከሰዓት ሆኗል። እማማ በሩን በሩን እያዩ "መጡ?" አሉኝ።

"አልመጡም።"

"እንግዲያስ አንተ ስማኝ። እኔ በልጅነቴ እህቴን..." ሲሉ ደነገጥኩ።

"እማማ፣ እኔ ካህን አይደለሁም፤ ልሰማ አይገባኝም። በልብዎ ለእግዚአብሔር ይንገሩት፣ ይበቃል።"

ካህን ለታጣበት ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት እንደዚያ ነው፤ አልተሳሳትኩም። እማማ አፋቸውን ዘጉና ፊታቸውን ወደ ሸራው አዞሩ። የንስሐውን ጸሎት ጀመርኩላቸው። አልተከተሉኝም። ብቻዬን ጨረስኩት።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሳለ ተደወለልኝ። አርፈዋል።

ከከተማው ዳር ቀበርናቸው። ጉድጓዱን የቆፈሩት የመጠለያው ወንዶች ናቸው፤ ጸሎቱን እኔ አነበብኩ። ስንመለስ ጎረቤታቸው አጠገቤ ትሄድ ነበር።

"አንተ ከወጣህ በኋላ ለእኔ ነገሩኝ" አለች።

"ምኑን?"

"አደራ ነው፤ አልነግርህም።"

"ምን አልሻቸው?"

"አላህ ይማርዎት አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ? እጄን ይዘው አለቀሱ።" ቆም ብላ አየችኝ። "ይበቃቸው ይሆን? የተማርከው አንተ ነህ።"

ስለ ሌሎች እምነቶች ያን ሁሉ ገጽ የጻፍኩ ሰው፣ "ይበቃቸዋል" የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣ አለች። ለእማማ ግን ያንኑ ቃል ሳላስብ ነበር የወረወርኩላቸው። ጎረቤታቸው ጠብቃ ጠብቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ጥላኝ ሄደች።

አጎቴ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ደውለዋል። "ሴትየዋ እንዴት ሆነች?" እንደሚሉኝ ስለማውቅ አላነሳሁም።