የጋሽ ኸይሩ ፈቃድና የእኔ ሁለት ደቂቃ

የጌም ማሽን መጠገኛ ፈቃዱ አምስት ወር ፈጅቷል። አምስቱንም ወር የጋሽ ኸይሩ በር ታሽጎ ነበር፤ የእኔ በር ደግሞ አንድ ወር። አንድ የጠዋት ሰላምታም አሳጥቶኝ ነበር፤ እሱ ኋላ ተመልሷል። የፈቃዱ ባለቤት ጋሽ ኸይሩ ባለፈው ሐሙስ ወደ አኼራ ሄደዋል። አርብ ከጁምዓ በኋላ እዚሁ ኮልፌ ቀበርናቸው። ለቅሶው ላይ «ፈቃዱን እኮ ጀማል ነው ሮጦ ያስወጣላቸው» እያላችሁ ስታመሰግኑኝ ሰማሁ። ነገሩ እንዲያ አይደለም፤ ለዚህ ነው ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው።

ጋሽ ኸይሩ ከእኔ ጌም ቤት ሦስት በር ዝቅ ብለው በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ መብራትና በአንድ ቴስተር ነበር የሚሠሩት። ራዲዮ ሲቀር ቴፕ፣ ቴፕ ሲቀር ቴሌቪዥን፣ በመጨረሻ የጌም ማሽን ያዙ። የጠገኑትን ማሽን ሁሉ ከመግጠማቸው በፊት ክዳኑ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ ምን እንደታመመ፣ ምን እንደተደረገለት፣ ከታች ስማቸውን። «ማሽን አፍ የለውም፤ ሕመሙን ካልጻፍክለት ቀጣዩ ጠጋኝ ይገድለዋል» ይሉ ነበር።

ከቆሼ የሚለቅሙ ሰዎች የተጣለ ጆይስቲክ ሲያመጡላቸው ዋጋ አይከራከሩም። እኔ ስከራከር ሰምተው «አንተ ያላሸተትከውን ዋጋ አታውቅም» አሉኝ። የጎረቤት ጴንጤዎች ቸርች አምፕሊፋየር ሲበላሽም በነፃ ሠርተውላቸዋል። ፓስተሩ ሊያመሰግኑ ሲመጡ «ለእናንተ ብዬ አይደለም፤ ሲንጫረር የምሰማው እኔ ነኝ» ብለው ሸኟቸው።

አንድ ማክሰኞ ተቆጣጣሪዎች መጡ። «አባቴ፣ የጥገና ፈቃድዎ የታል?» አሏቸው። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩ። እጅ ማኅተም የለውምና በሩ ታሸገ፤ የሰው ማሽን ሁሉ ውስጥ ቀረ። አከራዩም ቆይተው «ረመዳን እስኪገባ ካልተከፈተ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አሏቸው።

ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ። የኪራይ ውል፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ ፎቶ፤ ከዚያ እንደገና ፎቶ። አንድ ቀን ሲስተም የለም፣ አንድ ቀን ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው። ጋሽ ኸይሩ ወንበሩ ላይ ሆነው «ይቺ ቢሮ ለጥገና ብትመጣልኝ ክዳኗን ከፍቼ አያት ነበር» አሉ። በአራተኛው ወር የብቃት ፈተና ተባለ፤ ራስዎ የጠገኑትን አንድ ማሽን ይዘው መጥተው ፊታችን ያስረዱ። የጠገኑት ሁሉ እሽጉ ውስጥ ነው፤ ውጭ ያለው ለእኔ ጌም ቤት የሠሩልኝ ብቻ። «የእኔን እንውሰድ» አልኩ። ደግ መምሰል ደስ ይላል።

ያ ማሽን አንድ ጄቶን፣ ልጆቹ ከእኔ የሚገዙትን የመጫወቻ ሳንቲም፣ ውጦ አሥር ደቂቃ ያጫውት ነበር። ከፈተናው በፊት በነበረው ዓመት ስምንት እንዲያደርጉልኝ ጠይቄያቸው «ልጅ ማጫወትና ልጅ መዝረፍ ሁለት ፈቃድ ይጠይቃል፤ እኔ አንዱም የለኝም» ብለው መልሰውኛል። እኔም መርካቶ ሌላ ሰው ፈልጌ የጊዜ ቆጣሪውን ወደ ስምንት አሳጠርኩት። ማሽኑን ላዳ ላይ ስጭን ይህን ረስቼዋለሁ። ብታምኑም ባታምኑም ነጋዴ ሌብነቱን ሲለምደው ከፋብሪካ እንዲያ ሆኖ የመጣ ይመስለዋል።

ፈታኟ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ኢንጂነር ነበሩ። ክዳኑን አስከፍተው ወረቀቱን ጮክ ብለው አነበቡ። «ማብሪያው ተቀይሯል። ቆጣሪው ታይቷል፤ አሥር ደቂቃ። ኸይሩ።» ጄቶን ከተቱና የእጅ ሰዓታቸውን ፈተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ያኔ ትዝ አለኝ።

ጋሽ ኸይሩ ስለ ፊውዙ፣ ስለ ገመዱ በእርጋታ ያስረዳሉ። እኔ ስክሪኑን አያለሁ። አምስት ደቂቃ። ስድስት። በዕድሜዬ መብራት እንዲጠፋ የለመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ መብራቱም ያን ቀን ብቻ ታማኝ ሆነ። ሰባት። ስምንት ላይ ስክሪኑ ጠቆረ።

«አባቴ፣ ወረቀትዎ አሥር ይላል።»

ጋሽ ኸይሩ ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩ። የሌላ ሰው እጅ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር።

«ካስረከብኩ ወዲህ ዞሬ አላየሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

«ሌላ ሰው ነካክቶት ይሆን?»

«ውስጡ ያለው ስም የእኔ ብቻ ነው፣ ልጄ።»

ኢንጂነሯ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የማሽኑን ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር። ፎርሙ ላይ «አላለፉም» ብለው ጻፉ።

በላዳዋ ተመለስን። ሲወርዱ ሒሳቡን እሳቸው ከፈሉ። በማግስቱ በበሬ ሲያልፉ «አሰላሙ አለይኩም» አላሉኝም፤ በሃያ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ቢሰድቡኝ እከራከር ነበር፤ ዝምታን በምን ይከራከሩታል? ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። ሱቁን ዘግቼ ቢሮ ሄድኩና ሁሉንም ለኢንጂነሯ ተናገርኩ።

«ትናንት አፍዎ የት ነበር?»

«ታሽጎ ነበር።»

አልሳቁም። «እንግዲያው ዛሬ በርዎ ይታሸጋል» አሉ። ታሸገም። ጋሽ ኸይሩ ግን በሬ ሲታሸግ ውጭ በቀረው በዚያው ማሽን ደግመው ተፈተኑ፤ ቆጣሪውን በኢንጂነሯ ፊት አሥር ላይ መልሰው አለፉ። ረመዳን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ፈቃዱ ግድግዳቸው ላይ ተሰቀለ።

የእኔ በር የተከፈተ ጠዋት ሳልጠራቸው ቴስተራቸውን ይዘው መጡ። «አሰላሙ አለይኩም፣ ነጋዴው!» አሉኝ። ማሽኑን ከፈቱ፣ ነካኩ፣ ወረቀት ለጠፉ፣ ገጠሙ። ጄቶን ከትቼ ሰዓት ያዝኩ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ።

«ጋሼ፣ ተሳስተዋል፤ አሥር ነው እኮ።»

«አልተሳሳትኩም። የበላኸውን ትመልሳለህ።»

«እስከ መቼ?»

«ወረቀቱ ላይ አለልህ።»

ክዳኑን ልከፍት ስል እጄን መታ አደረጉኝ። «ፈቃድ አለህ?»

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈ። ሁለቱንም ዓመት ክዳኑን አልከፈትኩም፤ በእልህ ይሁን በፍርሃት እንጃ። ልጆቹ «ረጅሙ» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ ሌሎቹ ማሽኖች ባዶ እያሉ እሱ ጋ ይሰለፋሉ። ከቀብር በማግስቱ ከፈትኩት። «ቆጣሪው አሥራ ሁለት። ሲበቃው ጀማል መጥቶ ይንገረኝ። ኸይሩ።»

ጋሽ ኸይሩ፣ ሦስት በር ብቻ ነበር የሚለየን፤ አልመጣሁም። እዚያ ቢሮ ውስጥ ስሜን ለማዳን የእርስዎን ስም አስያዙ፤ እኔም ገመድ ጠቀለልኩ። አላህ ቀብርዎን ሰፊና ብሩህ ያድርግልዎ። ወረቀቱን ወደ ቦታው መልሼ ክዳኑን ገጥሜዋለሁ፤ ቆጣሪውን አልነካሁትም፣ ፈቃድ የለኝምና። ቀሪ ዕዳ፦ በጄቶን ሁለት ደቂቃ።